አንድ ሄክታር አቮካዶ ስንት ያስወጣል? ስንትስ ያስገባል? (41 መልስ)

በኢንተርኔት መወያያ ላይ ይህን ጥያቄ የከፈተችው ኩዌት የምትሠራ ልጅ ናት። ወንድሟ ሲዳማ፣ ዳሌ ወረዳ ነው ያለው። ከቤታቸው፣ ከቡናውና ከእንሰቱ ራቅ ብሎ 1 ሄክታር የሚያከራይ ሰው ተገኝቷል። እሷ ብር ትልካለች፣ ወንድሟ አቮካዶ ይተክላል። ሒሳቧን ቁልጭ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። በ5 ሜትር በ5 ሜትር 400 ችግኝ፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ 100 ኪሎ፣ ኪሎው 80 ብር። በዓመት 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር። ወጪ ብላ የቆጠረችው ችግኝ፣ ጉድጓድ ማስቆፈሪያና የመሬት ኪራይ ብቻ ነው። የዘነጋሁት ነገር ካለ ንገሩኝ ብላ ጨረሰች።

ነገሯት። መልሱ 41 ደረሰ። እኔም አንዱን ጽፌአለሁ። ማን ምን እንዳለ በተራ ልንገራችሁ፤ የሚዘለለውን እዘላለሁ።

1ኛውና 2ኛው እንኳን ደስ ያለሽ፣ በርቺ የሚሉ ናቸው። 2ኛው እግረ መንገዱን ችግኝ የት እንደሚገኝ ጠይቋል።

3ኛው ወንዶ ገነት አካባቢ የሚሠራ የእርሻ ባለሙያ ነው። በጣም ትሑት ሰው። እህቴ እያለ ነው የጻፈላት። ያነሳው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 400 ዛፍ በ100 ኪሎ ሲባዛ ከሄክታር 400 ኩንታል ይመጣል። በደንብ የተያዘ የሀስ ዝርያ እርሻ ከሄክታር 100 ኩንታል አካባቢ ከሰጠ ጥሩ ነው። 100 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚያወርድ ዛፍ የለም አላለም። እሱ ግን ሰፊ ቦታ ይዞ ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ ነው። በ5 ሜትር የተተከለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቅርንጫፉ ይጋጠማል፣ ታችኛው ክፍል ፀሐይ ያጣል፣ ፍሬው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ይሆናል። ወይ በየዓመቱ መግረዝ፣ ወይ ከመጀመሪያው በ7 ሜትር መትከል። በ7 ሜትር ሲሆን በሄክታር 204 ዛፍ ነው።

4ኛው አዲስ አበባ፣ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ የሚሠራ ልጅ። 80 ብር አንቺ ከሱቅ ስትገዢ የምትከፍዪው ነው፣ ገበሬው እጅ የሚገባው አይደለም አላት። እሱ ባለፈው ክረምት ከማሳ ያስጫነው በ25 ብር ነበር። በመካከል ጫኝና አውራጅ አለ፣ የመኪና ኪራይ አለ፣ ኬላ አለ፣ ደላላ አለ፣ መንገድ ላይ የሚበላሸው አለ። የአንድ ሰሞንና የአንድ ሰፈር ዋጋ ነውና ማንም እንደ መመሪያ እንዳይዘው። ግን ሁለቱን መልስ አንድ ላይ አድርጉና አስሉት። 10 ሺህ ኪሎ በ25 ብር 250 ሺህ ብር ነው። በሁለት መልስ 3 ሚሊዮን 200 ሺው እዚህ ደረሰ። ያውም ዛፉ ካደገ በኋላ።

5ኛው ተቃወመ። የአጎቱ ጓሮ ያለው ዛፍ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው በየዓመቱ ጆንያ ሙሉ ይሰጣል፤ እናንተ ሰው ታስፈራራላችሁ ባይ ነው።

6ኛዋ መለሰችለት። የጓሮው ዛፍ ከዘር የበቀለ የድሮ ዛፍ ነው። አቮካዶ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 እንደሆነ ይነገራል፣ ሂርናና ወንዶ ገነት ላይ። ያኔ ከገባው ዘር ነው ጓሮው ሁሉ የተሞላው። ከዘር የበቀለ ለማፍራት 6 እና 7 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ከዘር በበቀለ ግንድ ላይ የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ የተገጠመበት ማለት ነው፣ ግን በ3ኛው ዓመት ፍሬ ያሳያል። ከዚያ የራሷን ነገረችን። የተዳቀለ ብላ ከገዛቻቸው ችግኞች አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ አደገ። ደስ ብሏት ውሃ ጨመረችለት። በኋላ ጎንበስ ብላ ስታይ ያ ሁሉ ቅጠል የወጣው ከተዳቀለበት ጠባሳ በታች ነው። ላይኛው፣ የተገዛበት ሀስ፣ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቆ ጎኑ ቆሟል። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ቀንበጥ ገና በጥፍር በሚቆረጥበት ጊዜ መነቀል አለበት። ጠባሳውም አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም።

7ኛው ዝርያ ጠየቀ፤ ሀስ ይሻላል ወይስ ኢቲንገር? 8ኛው እስራኤል የሚኖር ወንድማችን ነው፣ በሻሮን ሜዳ የአቮካዶ እርሻ ላይ ሠርቷል። ወይስ የሚባል ነገር የለም ይላል። እዚያ ሀስ በተተከለበት እርሻ በየጥቂት ረድፉ ኢቲንገር ይገባል። የሀስ አበባ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ኢቲንገር በተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች። ስለዚህ ቀፎ ወጪ አይደለም፣ ማርም አለው። ለሽያጭ ግን ሀስ ይቀድማል። ቆዳው ወፍራም ነው፣ መንገድ ይችላል፣ ሲበስል ይጠቁራል። ኢቲንገር አረንጓዴና ስስ ቆዳ ነው፣ ለአገር ውስጥ ገበያ ይሆናል።

9ኛውን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሆሳዕና አካባቢ ተክለው የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አጻጻፋቸው አጭር ነው። ችግኙን ከግል ችግኝ ጣቢያ በ200 ብር ገዝተዋል። ከ10 አንዱ ስለሚደርቅ መተኪያ ጨምሮ መግዛት ያስፈልጋል። አንድ ጠንካራ ልጅ በቀን 10 ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ስድሳ ሳንቲ በስድሳ ሳንቲ። ይሄ ሁሉ ቀላል ነው አሉ። የበላቸው ጥበቃው ነው። ከቤት የራቀ ማሳ ነው ያላቸው። መጀመሪያ የሰው ከብት እንዳይገባ ጠባቂ ቀጠሩ። በኋላ ፍሬው ሲመጣ ሌባ እንዳይገባ ያው ጠባቂ ቀጠለ። በወር 4 ሺህ ብር። ዛፉ ለራሱ እስኪችል ድረስ ያ ደመወዝ ከሌላ ኪስ ነው የወጣው።

10ኛው እኔ ነኝ። ሐዋሳ የማኅበራት ሒሳብ መዝገብ ነው የምይዘው፣ ስለ ዛፍ የማውቀው ጥላውን ነው። የሳቸውን ዋጋ ወስጄ ደመርኩት። 204 ዛፍና 20 መተኪያ፣ 224 ችግኝ በ200 ብር 44,800 ብር ነው። ጠባቂ በወር 4 ሺህ፣ በዓመት 48 ሺህ፣ በ4 ዓመት 192 ሺህ። ከችግኙ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያውም አጥር፣ ኪራይ፣ ፍግና ኩትኳቶ ሳይገባ። የአቮካዶ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሁሉ ችግኝ ይቆጥራል፣ ጉድጓድ ይቆጥራል። ምንም የማይገባባቸውን ዓመታት የሚቆጥር አላየሁም። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ጠባቂው ለግማሽ ሄክታርም ለአንድ ሄክታርም ደመወዙ ያው ነው። ማሳው ደጃፍ ላይ ከሆነ ግን ጠባቂው እናት ናት፣ ልጅ ነው፣ ውሻ ነው። በእኔ ዕይታ ስንት ዛፍ ከሚለው በፊት ከቤት ስንት እርምጃ የሚለው ይጠየቅ።

11ኛው የባዶ ዓመታቱን ነገር አንስቶ መፍትሔ አመጣ። በዛፎቹ መሀል ድንችና ቲማቲም ዝሩ፣ በ3 ወር ብር ነው። 12ኛው፣ ያው የወንዶ ገነቱ ባለሙያ፣ ተመልሶ መጣ። መሀሉን መዝራት ጥሩ፣ ድንችና ቲማቲም ግን አይሁን። ቃሪያም እንደዚያው። አቮካዶን የሚያደርቅ አንድ የአፈር ፈንገስ አለ፣ እነዚህ ላይ ይራባል። ቦሎቄ ይሁን። ቦሎቄ አፈሩንም ይጠቅማል። ሥሩ ጋ ግን በመቆፈሪያ እንዳትጠጉ፤ የአቮካዶ ቀጫጭን ሥሮች ከላይኛው አፈር ብዙም አይወርዱም።

13ኛዋ ፍየል አስገቡ፣ ሣሩን ይበላል፣ ቅጠሉንም ይለቅማል አለች። 14ኛው በደግነት ቢሆንም ጠበቅ አድርጎ ከለከላት። የአቮካዶ ቅጠል ለፍየል መርዝ ነው። ጡቷ ያብጣል፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ ብዙ ከበላች ልቧን ይጎዳል። 13ኛዋ የእኔ ፍየሎች በልተው ምንም አልሆኑም አለች። 14ኛው ዝርያ ከዝርያ ይለያያል፣ ዕድል አትሞክሪ ብሎ ተወው።

ከ15 እስከ 19 ስለ ጭማቂ ነው። አቮካዶ በስኳር ወይስ በሎሚ፣ ስፕሪስ ውስጥ ማንጎ ከላይ ይሁን ከታች፣ ቪምቶ የሚጨምር ሰው ጤነኛ ነው ወይ። 18ኛው በጨውና በሚጥሚጣ ነው የምበላው በማለቱ ተሰደበ። እዚህ ጋ ብዙ አልቆይም።

20ኛው ነገሩን መለሰው፣ ድምፁን ግን ከፍ አድርጎ። መሬቱ የማን ነው? የስንት ዓመት ውል ነው? በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው የሚያከራየው የመጠቀም መብቱን ነው፣ ለስንት ዓመት እንደሚያከራይም እንደየክልሉ ደንብ ይለያያል። የ5 ዓመት ውል ይዞ አቮካዶ የሚተክል ሰው ለአከራዩ እርሻ በነፃ እየሠራለት ነው፤ ዛፉ ደህና ማፍራት ሲጀምር ውሉ ያልቃል። ወረዳው መሬት አስተዳደር ያልተመዘገበ ውል ደግሞ ሽማግሌ ፊት ቢፈረምም ነገ ጣጣ ነው። ምክሩ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ሰው ይሸሻል።

21ኛው ብሶ መጣ። ውጭ ያላችሁ ሰዎች ስልክ ላይ እርሻ ታርሳላችሁ፣ በኋላ ወንድምህ በላብኝ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ ዓይነት ነገር። 22ኛዋ ተቆጣች። ልጅቷ ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ብር ከመጀመሯ በፊት ጠየቀች፣ ይሄ ያስመሰግናል እንጂ ያሰድባል ወይ? 23ኛው ተሰርዟል። ምን እንዳለ አይቼው ነበር፣ መሰረዙ ደግ ነው።

24ኛዋ ራሷ ጠያቂዋ ናት። ማንንም አልሰደበችም። ለ9ኛው መላሽ አባቴ ብላ አመሰገነቻቸው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ አስቀመጠች፤ ማን ይገዛኛል፣ አፈሩን እንዴት ልወቅ፣ ውሃስ?

ስለ ገዢ የተጻፈው ከሁሉም የረዘመ ነው። 25ኛው ይርጋዓለም አካባቢ ያለ ገበሬ ነው። ደላላው ፍሬው ገና ጮርቃ እያለ ይመጣል። ዛፉን ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ በዓይኑ ይገምታል፣ ለዛፉ ዋጋ ይቆርጣል። ኪሎ የለም፣ ሚዛን የለም። ለቀማ የሚመጡት ልጆች በረጅም እንጨት እየመቱ ያወርዱታል። መሬት ላይ የወደቀው በዚያ ቀን ምንም አይመስልም። ከአራት ቀን በኋላ ቢላ ሲገባበት ውስጡ ጥቁር ነው። ተመጋቢው የሲዳማ አቮካዶ መጥፎ ነው ይላል፣ ዋጋ ይወርዳል። 26ኛው ራሱ ደላላ ነኝ ብሎ ገባ። ገበሬው በየካቲት ብር ቸግሮት በሩ ላይ ይለምነኛል፣ የልጅ ትምህርት ቤት እከፍልለታለሁ፣ ፍሬው በበረዶ ቢረግፍ ኪሳራው የኔ ነው፤ ይሄን ለምን አትጽፉም? 25ኛው ለቃሚዎቹን ልጆች እንጨቱንስ ማን ነው የሚያስይዛቸው ብሎ መለሰ። ከዚያ 27 እና 28 ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ተጣሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን የቸገረው ገበሬ ከሚዛን ይልቅ ጥሬ ብሩን ይመርጣል፤ ደላላው ይህን ያውቀዋል።

29ኛው የይርጋዓለምን የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ አነሳ። እዚያ የአቮካዶ ዘይት ይመረታል። ፋብሪካው በኪሎ ስለሚገዛ፣ መልኩ ያላማረውም ትንሹም መውጫ አለው። ዋጋው ግን ለውጭ ገበያ ከተመረጠው ፍሬ ያንሳል።

30ኛዋ ስለ ውጭ ገበያ ጻፈች፣ ከዚህ በፊት ማሸጊያ ቤት ሠርታለች። እዚያ ሀስ ብቻ ነው የሚፈለገው። በ4 ኪሎ ካርቶን 16 ወይም 18 ፍሬ የሚገባው መጠን ይወደዳል። ከመልቀም በፊት ደግሞ ፈተና አለ። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ ስለዚህ መድረሱን በእጅ ጨምቆ ማወቅ አይቻልም። ሥጋውን በድንች መላጫ ስስ አድርጎ መላጥ፣ 10 ግራም መመዘን፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማድረቅ። የቀረው 2.3 ግራም ከሆነ 23 በመቶ ደረቅ ነገር አለው ማለት ነው። የሀስ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ይህንና ከዚህ በላይ ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች የተለቀመው እንደ ጎማ ይሸበሸባል እንጂ አይበስልም። ስትለቅሙም በመቀስ፣ ትንሽ ጭራ አስቀርታችሁ። ጭራዋ ከተነቀለች በዚያ ቀዳዳ በሽታ ይገባል።

31ኛው ኬንያ ሠርቶ የመጣ ነው። እዚያ በየዓመቱ ወደ ጥቅምትና ኅዳር ገደማ መንግሥት በመርከብ የሚላከውን ሀስ ለቀማ ለተወሰነ ጊዜ ያስቆማል። ምክንያቱ ያው ጮርቃው ነው። መልካም ስም በአንድ ኮንቴይነር ይጠፋል። ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ሲጀምሩ ጉዞው ረዘመ፣ ፍሬው አውሮፓ ሲደርስ ለስልሶ ተገኘ። የእኛም ፍሬ በጅቡቲ ነው የሚወጣው፣ መንገዱ ያው ቀይ ባሕር ነው። ስለዚህ ሒሳብሽን በውጭ ገበያ ዋጋ አትሥሪ፤ ከመጣ ምርቃት ይሁን አላት። በዚህ እስማማለሁ።

32ኛው ሜጫ፣ ቆጋ መስኖ ላይ ያለ ገበሬ ነው። የውሃውን ጥያቄ እሱ መለሰው። እነሱ ጋ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይዘጋል፣ ዛፉ በቦይ ውሃ ተራ ነው የሚኖረው። ዳሌ በልግም ክረምትም ስላላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ግን ችግኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በጀሪካንም ቢሆን ውሃ ይፈልጋል፣ ሥሩም በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈን። አንድ ደስ የሚል ነገርም ጨመረ። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ቲማቲም የዘራው ጎረቤቱ ማሳ ላይ በሰበሰበት። የሱ ሀስ ግን ደርሶም ዛፉ ላይ ወራት መቆየት ስለሚችል ጠበቀው። 33ኛው እዚህ ላይ አስጠነቀቀ። ፍሬውን ዛፍ ላይ አብዝቶ ማቆየት የሚመጣውን ዓመት አበባ ይበላል። አቮካዶ እንደሁ አንድ ዓመት ይሞላል፣ አንድ ዓመት ይነሳል።

34ኛው የጠብታ መስኖ ቱቦ ዋጋ አንስቶ አማረረ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ አይቀመስም። 35 እና 36 ስለ ዶላር ሆኑ። ዘለልኳቸው።

37ኛው ወደ አፈሩ ተመለሰ። ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪበት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ አትትከዪ። የአቮካዶ ትልቁ ጠላት ሥር አበስባሽ በሽታ ነው፣ ውሃ የሚቋጥር ኮትቻ ላይ ይነግሣል። ቅጠሉ ውሃ የጠማው ይመስላል፣ ሰው ውሃ ይጨምራል፣ ዛፉ ይሞታል። ቀይ አፈር ተዳፋት ላይ ከሆነ ግን ጥሩ። የግድ ከሆነ አፈሩን ጉብታ አድርጎ እላዩ ላይ መትከል።

38ኛዋ ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች። የኪራዩን ሄክታር ትታዋለች። ከወንድሟ ጋር በስልክ ተማክረው ከቤታቸው ጀርባ ያለውን 1 ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ ባሕር ዛፉን ቆርጠው ሊተክሉበት ነው። በ7 ሜትር 51 ዛፍ፤ 45 ሀስና 6 ኢቲንገር። መሀሉ ቦሎቄ። ለጠባቂ ያሰበችውን ብር ለሁለት ቀፎና ለውሃ በርሜል አድርጋዋለች። ከዚህ ሁሉ ሰው አንዲት እሷ ብቻ መልሱን ሁሉ እንዳነበበች እርግጠኛ ነኝ።

39ኛው የባሕር ዛፉ ግንድ ቢቆረጥም ጉቶው እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ አስታወሳት። ጉቶው ካልተነቀለ ውሃውን ከችግኙ ይሻማል፣ ማስነቀሉ ደግሞ ከጉድጓዱ ቁፋሮ ይበልጣል። 40ኛው፣ ያ 26 ላይ የገባው ደላላ፣ ለጉቶ የሚሆኑ ልጆች አሉኝ፣ ዋጋውን በጉቶ ቁጥር እንነጋገራለን አለ። 41ኛው የሆሳዕናው አባት ናቸው። ለጉቶ ነቃይ በጉቶ ቁጥር ሳይሆን በቀን ክፈሉ፣ ወንድምሽም ጉድጓዱን ካሁኑ ቆፍሮ ክፍቱን ያቆየው፣ ችግኙን ዝናቡ ረገጥ ሲል ያግባው ብለው ጻፉ።